«ወንድምሽ ጌም ቤት ገብቶ ቀረ!»

እኔ ደሴ ደርሼ መጣሁ። ለሽርሽር እንዳይመስላችሁ! የኛ ሰው አገር ቤት የሚሄደው ወይ ለሠርግ ወይ ለለቅሶ ነው፤ እኔን ግን የወሰደኝ ፕሌይስቴሽን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ማክሰኞ ገና ጎህ ሳይቀድ ስልኬ ጮኸ። በዚያ ሰዓት የሚደውል ወይ ሰው የሞተበት ነው ወይ እናቴ ናት። «ወንድምሽ ጌም ቤት ገብቶ ቀረ!» አለችኝ፤ ልክ ገዳም ገባ እንደሚባለው። «ትምህርት አይል፣ ሥራ አይፈልግ፣ ጠዋት የወጣ ማታ 2 ሰዓት ነው የሚገባው። አንቺ ጋዜጣ ላይ ለሰው ልጅ ምክር ከምትደረድሪ መጥተሽ የእናትሽን ልጅ ምከሪው!»

ምን ይመለሳል? በዚህ ገጽ ላይ ስንቱን «ጊዜህን በአግባቡ ተጠቀም» ስል ከርሜ የገዛ ወንድሜ ጌም ቤት ሲከትም እኔ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ! ወንድሜ 20 ዓመቱ ነው። 12ኛ ክፍል የተፈተነው በ2015 ዓ.ም. ነው፤ ያን ዓመት ከተፈተነው ተማሪ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጣው 3.2 በመቶው ብቻ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እሱ ከቀሪው ከ96.8 በመቶው ነው። እኔም ብሆን 12 ጨርሼ እዚያው የቀረሁ ሰው ነኝና ምክሩን ከየት አባቴ እንደማመጣው እያሰብኩ ነበር ሻንጣዬን የሸከፍኩት። በዚያ ላይ ለላፕቶፕ ብዬ ሁለት ዓመት ያጠራቀምኳት 34 ሺህ ብር አለችኝ። (ይህችን ጽሑፍ ሳይቀር በስልክ በአውራ ጣቴ ነው የምጽፋት፤ ጣቴ አብጧል።) እሷን ብር ለምን እንደማነሳት ቆይታችሁ ትረዱታላችሁ።

ሁሉም በየስልኩ

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ሰላም ነው ወይ ብዬ ሦስት ሰው ጠየቅሁ፤ ሦስቱም የተለያየ ነገር ነገሩኝ። ደስ የሚለውን አምኜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተሳፈርኩ።

ልጅ ሆኜ በዚሁ መንገድ ስንሄድ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ካሴት ነበር፤ እሱም የሾፌሩ። ሾፌሩ የወደደውን ሃምሳ ሰው ይወዳል፣ አለቀ! ዛሬ ሃምሳ ሰው ሃምሳ ስልክ ይዟል። ጎኔ የተቀመጡት እናት ሙሉ የመንዙማ ቪዲዮ በድምፅ ከፍተዋል፣ ከፊቴ ያለው ጎረምሳ የቲክቶክ ቀልድ፣ ከኋላዬ ደግሞ አንድ ሰውዬ ለመላው ተሳፋሪ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ በስልክ ያብራራል። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ስንገባ ኔትወርክ ጭጭ አለ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ እርስ በርሱ ተያየ። «ዋሻው እንዲህ አጭር ነበር እንዴ?» አሉ እናትየዋ ሲያልቅባቸው። ከዚያ በኋላ ቁልቁል ነው፤ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ፣ ካራ ቆሬ፣ ከሚሴ... ሙቀቱ እየጨመረ፣ የስልኩ ባትሪ እየቀነሰ። ሐርቡን አልፈን ኮምቦልቻ ስንደርስ ሁላችንም ጸጥ ብለን ነበር። ዲሲፕሊን መጥቶብን አይደለም፣ ቻርጅ አልቆብን ነው።

ከኮምቦልቻ በኋላ ሐረጎ ይመጣል። ሐረጎን ያልወጣ ሰው ደሴን አላያትም። መኪናው ጥምዝ በጥምዝ ሲወጣ ኮምቦልቻ ከታች እንደ ካርታ ተዘርግታ ትቀራለች፤ ላይ ስትደርሱ ጉሙ ይቀበላችኋል። ከ1,850 ሜትር ተነስታችሁ ወደ 2,500 ሜትር ግድም ወጥታችኋላ! ሸሚዝ ለብሼ ኮምቦልቻ የደረስኩት ሰውዬ ደሴ ስገባ ጃኬቴን እየፈለግሁ ነበር።

ኧረ ይቅርታ፣ «ሰውዬ» አልኩ፤ ሴት ነኝ። ልማድ ሆኖብኝ ነው።

የእናቴ ቴሌብር

እናቴ ስለ ቴክኖሎጂ ያላት አቋም ግልጽ ነው፤ ልጅ ያበላሻል። ራሷ የያዘችው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ባትሪው አራት ቀን የሚቆይ፣ ጫፉ ላይ አምፖል ያለው። መብራት በሄደ ቁጥር ጎረቤት ሁሉ የሚፈልገው የኔን ስማርት ስልክ ሳይሆን የእሷን አምፖል ነው። ግን ልብ በሉ! ከአዲስ አበባ የምልክላት ብር የሚደርሳት በቴሌብር ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ስማርት ስልክ ለሌለውም በ*127# እንዲሠራ ተደርጎ ነበርና እናቴም ደንበኛ ናት። ቁጥሩን የሚነካካላት ማን ነው? ያው «የተበላሸው» ወንድሜ!

«እሱ ጌም ቤት ሲውል ታዲያ ማን ያወጣልሻል?» አልኳት።

«የሱቁ ልጅ አለ አይደል። ቁጥሩን ነግሬዋለሁ።»

«የሚስጥር ቁጥሩን?!»

«አብሽሪ፣ ጨዋ ልጅ ነው። ለእትዬ ጎረቤታችንም ነግሬያታለሁ፤ እኔ ብረሳው ብዬ።»

ደንግጬ ያን ማታውኑ አስቀየርኳት። እናንተም ቤት ያሉትን እናትና አባት አንድ ቀን ቁጭ አድርጋችሁ ጠይቋቸው፣ የማርያም ወዳጅ ይሁኑ የአላህ። የእድሩ ሰው በሙሉ ቁጥሩን ሳያውቅላችሁ አይቀርም!

ጌም ቤት

በማግስቱ ከሰኞ ገበያ ወረድ ብሎ ያለውን ጌም ቤት እየጠየቅሁ ደረስኩ። በሩ ላይ መጋረጃ ተሰቅሏል። ስገልጠው የላብና የቆሎ ሽታ ተቀበለኝ፤ ሃያ የሚሆኑ ወንዶች በአንድ ጊዜ ዞረው አዩኝና በአንድ ጊዜ መልሰው ዞሩ። እህት፣ እናት ወይም ሚስት እንደሆንኩ አውቀዋል፤ ሴት ለሌላ ጉዳይ አትገባም።

ቤቱ አራት ቴሌቪዥን አለው። ሁለቱ ላይ ፕሌይስቴሽን ፎር፣ ሁለቱ ላይ ፕሌይስቴሽን ቱ። ፕሌይስቴሽን ቱ እኮ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ዕቃ ነው! ሶኒ ከ150 ሚሊዮን በላይ ሸጦ እ.ኤ.አ. በ2013 ገደማ መሥራቱን ትቶታል። ደሴ ግን አልተወችውም። ሲዲ የሚያነበው ሌንሱ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጆቹ ጨዋታውን ፍላሽ ላይ ጭነው በጎኑ ይሰኩለታል። ከሁሉም የገረመኝ ኳሱ ነው። ጨዋታው የተሠራው በ1998 እና በ99 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ውስጡ ግን ምባፔ ለሪያል ማድሪድ ይሰለፋል። የዓለም ሥራ ፈት ሁሉ (የደሴውንም ጨምሮ) በየዓመቱ የተጫዋቹን ስምና ማልያ እየቀየረ ያሮጌውን ጨዋታ ያድሰዋል። አካሉ የሽማግሌ፣ ልብሱ የጎረምሳ!

ፎሩ ላይ አንድ ጨዋታ 20 ብር፣ ቱው ላይ 10 ብር ነው። የሚከፍለው የተሸነፈ ነው፤ ያሸነፈ ወንበሩን አይለቅም። ስለዚህ ጎበዝ ከሆንክ ቀኑን ሙሉ በነጻ ትውላለህ፣ ሰነፍ ከሆንክ ደግሞ የጎበዙን መዝናኛ ትከፍላለህ። መብራት ቢሄድስ? እሱም ሕግ አለው። ሲጠፋ እየመራ የነበረው አሸናፊ ነው፤ እኩል ከነበሩ ሒሳቡን ይካፈላሉ። «እሱ እየመራ በገባ ቁጥር መብራት ይሄዳል፤ ጓደኛው ቆጣሪው ጋ ነው የሚቆመው!» ብሎ አንዱ ሲከስ ሰማሁ። ወላሂ ቢል፣ በማርያም ቢል ተከሳሹን ያመነው የለም።

ጠብ የሚነሳበት ሌላው ጉዳይ «ፊፋ ይሻላል ወይስ ፔስ?» የሚለው ነው። ፊፋ የሚባለው ጌም እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ስሙ እንኳ ፊፋ አይደለም፤ ኩባንያውና የእግር ኳሱ ማኅበር በስሙ ኪራይ ሳይስማሙ ቀርተው «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» ሆኗል። ፔስም ከ2021 ወዲህ «ኢፉትቦል» ተብሏል። ይህን በእውቀት ልነግራቸው ስሞክር አንዱ፦ «እታለም፣ ስሙን እነሱ ይቀይሩት፣ እኛ ፊፋ ነው የምንለው» አለኝና ጉዳዩ ተዘጋ።

አገር ውስጥ የተሠራ ጌም ታውቃላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አዲስ አበባ ያሉት ቅኔ ጌምስ የሚባሉት የሠሩትን «ኩኩሉ» የተጫወተ አንድ ልጅ ተገኘ፤ ዶሮዋ ከአባራሪዋ እየዘለለች የምታመልጥበት የስልክ ጨዋታ ነው። «ጥሩ ነው፤ ግን ተውኩት» አለ።

«ለምን?»

«መሮጥ ብቻ ነው። እኛ በ14 ሮጠን ጠግበናል።»

ማንም አልሳቀም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ከተማው ሕዝብ በዚያው በሐረጎ ቁልቁል በእግሩ ነበር የወጣው። እናቴና ወንድሜም አሉበት። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ስልኩ «ሊያገኙት አይችሉም» እያለኝ የቆየሁባቸውን ቀናት... ይቅር፣ አልጽፈውም።

እግረ መንገዴን አንድ ግጥሚያ ሞከርኩ። 6 ለ 0! 10 ብሬን ከፈልኩ።

ለመሆኑ ወንድሜ የት አለ? ከአራቱም ቴሌቪዥን ፊት የለም። ባለቤቱ በአገጩ ወደ ጓሮ በር ጠቆመኝ። ገባሁ። ቆርቆሮ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መብራት፤ ወንድሜ አጎንብሶ የተበታተነ ጆይስቲክ በመበየጃ ይነካካል። ጎኑ ስድስት ስልክ በተርታ ተጋድሟል፤ እያንዳንዱ ላይ ወረቀት ተለጥፎ የባለቤቱና የሕመሙ ስም ተጽፏል። «ቻርጅ አልቀበል ያለ»፣ «ውሃ የገባበት»፣ «ድምፅ የለም»...

«ጌም መጫወት ከተውኩ ስድስት ወሬ ነው» አለኝ ቀና ሳይል። ለቦታው ኪራይ አይከፍልም፤ በምትኩ የቤቱን ጆይስቲክ ሁሉ ይጠግናል። ልጆቹ በተሸነፉ ቁጥር ጆይስቲክ ይወረውራሉ፤ ስለዚህ ሥራ አያጣም።

«ታዲያ ለእማዬ ለምን አትነግራትም?»

«ነግሬያት ነበር። ‹ጥገና የወደቀ ልጅ ሥራ ነው፣ አንተ ደግመህ ተፈተን› አለች። ከዚያ ወዲህ ጌም ቤት ነኝ ብላ ብታስብ ይሻላል ብዬ ተውኩት። ለጌም ቢያንስ ‹ይተወዋል› የሚል ተስፋ አላት።»

ትምህርቱን ከየት አመጣኸው ብለው የነገረኝን ልንገራችሁ። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ለወራት እንደቆየ ይታወሳል። ፈተናውን በጨረሰ ማግስት መሆኑ ነው፤ ሥራ የለ፣ ትምህርት የለ፣ ዳታ የለ። አንድ ጓደኛው የመስመር ኢንተርኔት ያለበት መሥሪያ ቤት ይሠራ ስለነበር የሕንድና የፓኪስታን ስልክ ጠጋኞች የሚያስተምሩበትን ቪዲዮ እያወረደ በፍላሽ ያመጣለታል። ቋንቋውን አይሰማም፤ እጃቸውን ነው ያየው። አንዱን ቪዲዮ ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ። «ኢንተርኔት ቢኖር ኖሮ ቲክቶክ ነበር የማይ» አለኝ። አንባቢዎቼ፣ ይህን ሰምታችሁ ኢንተርኔት መዘጋት ይጠቅማል እንዳትሉኝ! እኔ በእነዚያ ወራት የእናቴን ፊት በቪዲዮ ሳላይ ነው የከረምኩት፤ ሥራው በኢንተርኔት የነበረ ስንት ሰው ሱቁን ዘግቷል። በኛ አገር ነገሩ አዲስም አይደለም፤ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በስልክ አጭር መልእክት መላክ እንኳ ተዘግቶ የተከፈተው በ2000 ዓ.ም. መባቻ ነበር። የዛሬ ልጆች ይህን ስትነግሯቸው ፉገራ ይመስላቸዋል።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። የስልክ እናት ሰሌዳ ላይ ያሉትን ትንንሽ ዕቃዎች ለመንቀልና ለመትከል ሙቅ አየር የሚተፋ መሣሪያና ማጉያ መነጽር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ስክሪንና ባትሪ ከመቀየር አያልፍም። ሁለቱም ያገለገሉ ተገኝተዋል፣ 28 ሺህ ብር። «እታለም፣ አበድሪኝ» አለኝ። ለላፕቶፕ ያጠራቀምኳትን ብር ያውቃል፤ ራሴው ነኝ በስልክ ስኩራራ የነገርኩት።

አፌን ዘጋሁ። «ያስተማረህን ሰው ሳላይ አንድ ብር አልሰጥም» አልኩት፤ ጊዜ መግዛቴ ነበር።

ኮምቦልቻ፣ የደብተሩ ሰውዬ

ቪዲዮው እጅ አስተማረው እንጂ ሙያውን ያስያዘው ኮምቦልቻ ያለ አንድ ጠጋኝ ነው። በሚኒባስ ወረድን፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደሴ ላይ የለበስነውን ሐረጎ ላይ እያወለቅን ገባን።

ኮምቦልቻን ሰው የፋብሪካ ከተማ ይላታል፤ ውሸት የለውም። ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ ቢራው አለ፣ ብረታ ብረቱ አለ፣ ደረቅ ወደቡ አለ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም እዚሁ ነው። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ እኔ ገና ከትምህርት ቤት መውጣቴ ነበርና ጓደኞቼ ሁሉ ቴክኖሎጂ መጣልን ብለው ነበር። የመጣው የልብስ ስፌት ነው። ስፌት መናቄ አይደለም፤ ለስንቷ ልጅ እንጀራ ሆኗታል። በኋላ ግን ጦርነቱ መጣ፣ ፓርኩም ተጎዳ፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ደግሞ አሜሪካ ያለቀረጥ የምታስገባበትን አጎዋ የተባለውን ዕድል ለኢትዮጵያ ከለከለች። ሁለት ዱላ ባንድ ጊዜ!

ሰውየው ሃምሳዎቹን የጀመሩ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ናቸው። ወንድሜ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ሙያውን የጀመሩት በራዲዮና በቴፕ ነው፤ ያን ጊዜ ዕቃው ከአሰብ ተነስቶ በሚሌና በባቲ አድርጎ እዚሁ ኮምቦልቻ ነበር የሚደርሰው። ስለ ዛሬው ስልክ ጠየቅኋቸውና ሁለት ሰዓት ሙሉ አወሩልኝ።

«ድሮ ኖኪያ ሲወድቅ ምን ይሆን ነበር? ክዳኑ እዚያ፣ ባትሪው እዚህ፣ ስልኩ አልጋ ሥር! ለቃቅመሽ ትገጥሚውና ‹ሄሎ› ትያለሽ። የዛሬው ሲወድቅ አንድ ቦታ ነው የሚቀመጠው፤ ግን ሞቷል። በሙጫ ነው የለጠፉት። ባትሪ ልቀይር ብዬ ስከፍተው ስክሪኑ ይሰነጠቃል። ባለቤቱ ደግሞ እኔን ነው የሚከሰው፣ ኩባንያውን አይከስ!»

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ ከየካቲት 2027 ጀምሮ እዚያ የሚሸጥ ስልክ ባትሪው ባለቤቱ ራሱ ሊቀይረው በሚችለው ዓይነት መሠራት አለበት መባሉን ነገርኳቸው። ሳቁ። «ይኸው፣ እኔ በኖኪያ ጊዜ የነበረኝን መልሰው እንደ አዲስ ሊሸጡልኝ ነው!»

ቴክኖን ግን ያመሰግናሉ። የቻይናው ኩባንያ ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እዚሁ አገር ሲገጣጥም ቆይቷል፤ ስልኩ ላይ የአማርኛ ፊደል ማስገባቱን ደግሞ እንደ ትልቅ ውለታ ይቆጥሩለታል። «እነዚያ ታላላቆቹ እኛን ቆጥረውን አያውቁም። ይህኛው ቢያንስ ስማችንን በፊደላችን አስጻፈን።» ችግራቸው የዕቃ ዋጋ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር ግድም ተነስቶ ከመቶ ብር አለፈ፤ ስክሪን የሚቀይረው ደንበኛ «አዲስ ልግዛበት እንዴ?» ይላል፤ አዲሱን ሲጠይቅ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ሰው የተሰነጠቀ ስክሪን ላይ በፕላስተር ይኖራል። የጣቱ ጫፍ የተቆረጠ ደንበኛ አለኝ አሉኝ።

ኢንስቲትዩቱ ውስጥ የሚማር አንድ ልጅ ስልኩን ሊወስድ ገባና ወሬው ውስጥ ተነከረ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ጨርሶ የምስክር ወረቀት ይዟል። «ወረቀቱ አለኝ፣ ላፕቶፕ የለኝም» አለ። (እንኳን ደህና መጣህ፣ ወንድሜ! ስል በሆዴ።) በሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለሚጽፈው ቻትጂፒቲም ጠየቅሁት። «እንግሊዝኛው አንደኛ ነው። አማርኛው ግን ሲጽፍ አዲስ አበባ ሦስት ወር የተቀመጠ ፈረንጅ ይመስላል። ‹አብሽር› በለው፣ አይገባውም።» ጋሼ ጣልቃ ገብተው፦ «ያቺ ሶፊያ የተባለችው ሮቦት በ2010 ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ የአካሏ ዕቃ ያለበት ሻንጣ ፍራንክፈርት ጠፍቶባት አልነበረ? ሻንጣዋን የማትጠብቅ ምኗ ነው ብልህ?» አሉ። ሶፍትዌሯ ላይ አይኮግ ላብስ የሚባሉ የአዲስ አበባ ልጆች እጃቸው እንዳለበት ብነግራቸው፦ «እነሱማ ምን ያድርጉ፣ ሻንጣውን የጣለው ሌላ ነው» ብለው አለፉት።

ከሁሉ ይልቅ የወንድሜን ነገር የቆረጠልኝ ግን ደብተሩ ነው። በ2014 ኮምቦልቻ ስትያዝ ሱቃቸው ውስጥ 37 የሰው ስልክ ነበር። ሲሸሹ የያዙት ልጆቻቸውንና አንድ ደብተር ብቻ ነው። ታኅሣሥ ላይ ሲመለሱ በሩ ተገንጥሏል፤ ስልክ የለም፣ መሣሪያ የለም፣ የግድግዳው ሰዓት ሳይቀር የለም። ደብተሩ ላይ ግን 37ቱም ስም ከነስልኩ ዓይነት አለ። ማንም አልጠየቃቸውም፤ ጦርነት ነው፣ ማን ይጠይቃል? እሳቸው ግን ከላይ ጀምረው መክፈል ያዙ። ለአንዱ ሌላ ያገለገለ ስልክ፣ ለአንዱ ብር፣ ለአንዱ የሁለት ዓመት ነጻ ጥገና። አሥራ አንዱ «አንቀበልም፣ ያንተ ያለቀው ይበልጣል» አሏቸው። አንዱ ደግሞ አይ የሰው ነገር! «የኔ ሳምሰንግ ነበር» ብሎ መጣ። ደብተሩን ከፈቱለት፤ «አይቴል፣ ባለ ቁልፍ፣ ማይክ የማይሠራ» ይላል። አይቴሉን ከነማይኩ ከፍለው ሰደዱት።

ደብተሩን አየሁት። ጠርዙ እርጥበት በልቶታል። ከየስሙ ጎን በቀይ እስክሪቢቶ ምልክት አለ፤ አራት ስም ብቻ ምልክት የላቸውም። «እነዚህስ?» አልኳቸው። «አልተመለሱም» አሉኝና ዘጉት።

ለወንድሜ ያስያዙትን ሕግ ለእናንተም ላካፍላችሁ፤ ስልክ የሚያስጠግን ሁሉ ይጠቅመዋል። ስልክ ሲሰጥህ ሲም ካርዱንና ሚሞሪውን አውጥተህ በባለቤቱ እጅ አስቀምጥ። *#06# ሲደወል የሚመጣውን ቁጥር ደብተር ላይ ጻፍ፤ ባለቤቱም ይጻፈው። የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ መልስ። ፎቶውን አትይ። አምስተኛውን ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፦ «ዘመድ ብለህ በነጻ የሠራህ ቀን ሱቅህን ዘግተህ ግባ!»

ሃያ ስምንት ሺህ

ማታ ደሴ ተመልሰን እራት ላይ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማች። እኔ ያሰብኩት ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ወደ ወንድሜ ዞራ፦ «ስድስት ወር ሙሉ ጌም ቤት ነኝ ብለህ ዋሸኸኝ?» አለችው።

«ጌም ቤት ነበርኩ እኮ፤ አልዋሸሁም።»

«ደግመህ ትፈተናለህ ብዬ ሥዕለት ተስያለሁ!»

«እፈተናለሁ። እየሠራሁ እፈተናለሁ።»

ለሁለተኛው ቃሉ እኔም አልማልም፤ ፊቱን አይታችሁት ቢሆን እናንተም አትምሉለትም። እናቴ ቡናውን አፈላች፤ አቦሉን ሳንነጋገር ጠጣን። ቶናው ላይ ስትደርስ «28 ሺህ ብር ላንድ መነጽር!» አለች፤ በቃ ሌላ ነገር አላለችም። እሱን እንደ ፈቃድ ቆጠርነው።

ብሩን ሰጠሁት። ሙሉውን አይደለም፤ 20 ሺውን። ስምንቱን ራሱ ከጆይስቲክ ይሙላው ብዬ። ሳወጣ እጄ እንዳልተንቀጠቀጠ አልዋሻችሁም፤ ሁለት ዓመት ነው ያጠራቀምኩት። በቴሌብር ስልክለት ደግሞ ያው ማረጋገጫ መልእክቱ ላይ «በተሳካ ሁኔታ» የሚለውን ቃል ሳነብ ላፕቶፔ በሐረጎ ቁልቁል ሲንከባለል ታየኝ።

ከተመለስኩ አምስት ሳምንት ሆኖኛል። ባለፈው እሁድ ገና ጎህ ሳይቀድ ስልኬ ጮኸ፤ እናቴ ናት። ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ሁልጊዜ የሚያንኮራፋው ስልኳ ምን ነካው?

«ስልኬ ሰው አልሰማሽ ሲለኝ ለወንድምሽ ሰጠሁት» አለች። «ሠራው። ታዲያ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ለእናቱ! ለገዛ እናቱ! ‹60 ብር› አለኝ!»

«ከፈልሽው?»

«ምን ላድርግ፤ ደብተር ላይ ጽፎኛል።»